በሦስተኛው ጠረጴዛ የታዩ ፊልሞች

የህንድ ፊልም አማርኛ አይናገርም፤ ኦሮምኛም አይናገርም። የእኛ ጨዋታ የተወለደው ከዚህ ነው።

በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ፣ ከመርካቶ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ መጋዘን ቡና ለቃሚ ነበርኩ። ለቀማ ስል ከዛፍ ላይ ያለውን አይደለም። ቡናው ተፈልፍሎና ተበጥሮ በጆንያ ይመጣልናል። እኛ ጠረጴዛው ላይ እንዘረግፈውና ጥቁሩን፣ የነቀዘውን፣ የተሰበረውን በጣታችን እየለየን ጣሳ ውስጥ እንጥላለን። ንጹሑ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስምንት ሴት ትቀመጣለች። እኔ የሦስተኛው ጠረጴዛ ነበርኩ፤ ዕድሜዬም ገና ሃያ አልሞላም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሲኒማ ቤት ፊልም ይታያል። ስምንታችንም እንዳንሄድ አንዷ ልጆች አሏት፣ አንዷን ባሏ አይፈቅድላትም፣ አንዷ ደግሞ ሰው ያየኛል ትላለች። ስለዚህ በተራ ሁለት ሁለት እየሆንን እንሄድና ሰኞ ጠዋት ለቀሩት እንነግራለን። ሁለት መሆናችን ለመመሳከር ነበር። ግን እንኳን ሊመሳከር፣ ሁለት ሰው አንድ ፊልም አይቶ መጥቶ አንድ ነገር ተናግሮ አያውቅም። አክተሩ ሽማግሌው እግር ላይ ወድቆ ሲያለቅስ አንዷ «አባቱ መሆኑን አወቀ» ትላለች፣ ሌላዋ «ኧረ እሱስ ልጅህን ዳርልኝ እያለው ነው!» ትላለች። ቋንቋውን የሚያውቅ ዳኛ የለም። ክርክሩ እስከ ረቡዕ ይዘልቃል።

ከረቡዕ ጀምሮ ርዕስ ይመጣል። ርዕስ የሚሰጡን ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ ነበሩ፤ የሄርማታ ሰፈር ሰው፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ሶላታቸውን በሰዓቱ የሚሰግዱ። ሁላችንም አዴ እንላቸዋለን። አዴ በሕይወታቸው ሲኒማ ቤት ደጃፍ አልደረሱም፤ ይህ ግን ፊልም ከማዘዝ አላገዳቸውም።

«ዛሬ ውሃ ያለበት አምጡ» ይላሉ፣ ጣታቸው ከቡናው ላይ ሳይነሳ።

ያየነውን ሁሉ እናስሳለን። አንዷ ወንዝ ሞልቶ ሙሽራ የወሰደበትን፣ አንዷ ጀልባ የተገለበጠበትን ታወጣለች።

«አዴ፣ ዝናብ ይቆጠራል?»

«ዝናብ የሰማይ ነው። እኔ የመሬቱን ነው ያልኩት።»

«መሬት ላይ ሲወርድስ?»

«አቦ ተዪኝ! ጎርፍ ከሆነ አምጪው።»

አንድ ቀን «ወንድሙን የማያውቅ ወንድም» ብለው ሲሰጡን፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ሴት ጣሳዋን ጠረጴዛው ላይ መታች። «አዴ፣ እሱማ ርዕስ አይደለም፤ የህንድ ፊልም በሙሉ ነው!» ይህች ሴት ከአጋሮ የመጣች ስለሆነች የአጋሮዋ እንላታለን። ህንድ አትወድም። የሷ ነገር ፈረስና ሽጉጥ ነው፤ ሰው ከጣሪያ ላይ ካልወደቀ ፊልም አየሁ አትልም።

ሁሉም ምርጫውን ካቀረበ በኋላ ደግሞ «ባይሆንስ?» ይከተላል። ልጅቷ ደብዳቤውን ባታቃጥለውስ? ባቡሩ ባያመልጠውስ? እንጀራ እናቷ ደግ ብትሆንስ? በዚህ የተነሳ በእኛ ጠረጴዛ አንድ ፊልም ስምንት መጨረሻ ነበረው። ሲኒማ ቤቱ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ የሥራ ተቆጣጣሪያችን ካቦው መጥቶ ከኋላችን ቆመ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከሱም በላይ የሚቆጣው አለቃ አለው። መዳፉን ዘረጋልን። ሰባት ጥቁር ፍሬ።

«ይህ ከእናንተ ጆንያ የወጣ ነው። ናሙናው ተመልሶብኛል። ከአሁን ጀምሮ ይህ ጠረጴዛ በዝምታ ይለቅማል። ወሬ ያማራት ካለች በሩ ያውና፤ ቦታዋን የሚመኝ ውጭ ሞልቷል።»

ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ስለ ምርት በቀይ ቀለም የተጻፈ መፈክር ነበር፤ እሱን እያነበብኩ ሰባቱን ፍሬዎች ላለማየት ሞከርኩ።

ሦስት ቀን ዝም አልን። ዝምታ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። አዴ ያንቀላፋሉ፤ ጣታቸው ብቻ ነቅቶ ይሠራል። የአጋሮዋ የቤቷን ጣጣ ታስባለች መሰለኝ፣ ግንባሯ ተቋጥሮ ይውላል። እኔም የራሴን አሰብኩ። ትምህርት ቤት ያስገባኝ ሰው አልነበረም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከሥራ መልስ ቀበሌ አዳራሽ፣ ከእናቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቤ። ቤት ውስጥ ስናገር «አፍሽን ዝጊ» የምባል ልጅ ነበርኩ። ያቺ ጠረጴዛ ግን ንገሪን ብላኛለች። «ማሎ፣ ኤርጋሲ?» እያለች፣ እባክሽ ከዚያስ እያለች፣ ሰው አድርጋኛለች። ይህን በሰባት ጥቁር ፍሬ አልለውጠውም አልኩ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ካቦው ክፍል ገባሁ። ስብሰባ ላይ ጓድ እንለዋለን፤ እኔ ግን የማባብልበት ስለነበር ጋሼ አልኩት።

«ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ይስጡን።»

«የምን ሳምንት?»

«እያወራን እንልቀም። ሥራ ሲያበቃ ከእኛ ጆንያና ከአንደኛው ጠረጴዛ ጆንያ እኩል እኩል ጣሳ አውጥተው ይመርምሩ። ቅዳሜ የእኛ ከነሱ ጸድቶ ካልተገኘ ያለዎትን ያድርጉ።»

አንደኛው ጠረጴዛ በዝምታውም በንጽሕናውም የታወቀ ነበር። ካቦው ሳቀ።

«እኔ ያለኝ ማባረር ነው።»

«እኔን ያባርሩ። ሌሎቹን አይንኩ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሥራውን በፊልም ያስይዛል?»

«እኔ አስይዣለሁ።»

ተመልሼ ስነግራቸው አዴ «አስተግፊሩላህ» አሉ። የአጋሮዋ ግን ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «አብደሻል ወይ አንቺ? እሺ፣ ካበድሽ አይቀር የኔን ፈረሶች አስቀድሚያቸው።»

አላስቀደምኳቸውም። ሰኞ ለመጀመሪያው ቀን ብዬ ያለኝን ምርጥ ፊልም አወጣሁ፤ ዓይኗ የጠፋ እናት ልጇን በድምጹ የምታውቅበትን። እንደዚያ ቀን ተርኬ አላውቅም። እናትየዋ እጇን ዘርግታ የልጇን ፊት ስትዳስስ ስምንታችንም ተንሰቀሰቅን። ከሥራ በኋላ ካቦው ጣሳውን ወረቀት ላይ ሲያፈስ ጥቁር ፍሬ በጥቁር ፍሬ ላይ ነው። እንባ ባቆረ ዓይን ጥቁርና ነጭ አይለይም፤ ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

ማክሰኞ የአጋሮዋን ፈረሶች ለቀቅናቸው። ማሳደድ፣ መተኮስ፣ ገደል መዝለል። የእጃችን ፍጥነት ለጉድ ነው! ጆንያው ሞልቶ፣ ናሙናው ጸድቶ ተገኘ። እኔ ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ካቦው ብልሽቱን የምንጥልበትን ጣሳ አንስቶ ገለበጠው። ግማሹ እንከን የሌለው ቡና ነው። አንዱን ፍሬ በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየኝ።

«ይህስ ምን አጠፋ?»

«እስከ ቅዳሜ ነው የተባባልነው» አልኩት ብቻ።

«እስከ ቅዳሜ ነው» አለ፤ ለኔ ያዘነ መሰለኝ።

ያን ቀን ቦሳ አዲስ ሰፈር ወዳለው ቤቴ በእግሬ ስሄድ መንገዱ አልታወቀኝም። አራት ቀን ቀርቶኛል፤ ከዚያ በኋላ ሥራ የለኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ ያዝኩ፦ እጃችን ደህና አድርጎ የሚሠራው መቼ ነበር? ከኋላ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ አሰብኩት። በመጨረሻ ያ የዝናብ ክርክር ትዝ አለኝ። ያን ቀን አንድ ፍሬ አልተመለሰብንም፤ ቀኑን ሙሉ ተጨቃጭቀን ነበር።

ነገሩ ገባኝ። ሰው ሲተረክለት ተራኪውን ያያል፤ እጁ ብቻውን ይቀራል። ከአዴ ጋር ሲከራከር ግን አዴን ማን አፍጥጦ ያያቸዋል? ትልቅ ሰው ፊት ላይ አፍጥጦ መመለስ ነውር ነው። ስለዚህ ሁላችንም ዓይናችንን ሰብረን፣ ቡናውን እያየን ነበር የምንሟገታቸው። የሚያጸዳልን ፊልሙ አይደለም፤ ጭቅጭቁ ነው።

ረቡዕ ጠዋት አዴ ርዕስ ሰጡ። «የፈረሰ ሰርግ።»

አንድ ፊልም ነበረኝ። ልጅቷ ለሀብታሙ ልትዳር ተቀምጣለች፤ ሙዚቃው ይመታል፤ ድንገት ሞቷል የተባለው እጮኛዋ በር ላይ ቆመ። ልጅቷ መሸፈኛዋን ከፊቷ ገለጠች። እዚህ ላይ አፌን ዘጋሁ።

«ኤርጋሲ?» አሉ አዴ።

«አልናገርም።»

«እንዴት አትናገሪም?»

«እናንተ ጨርሱት። መጨረሻ ከዛሬ ጀምሮ የለም።»

«ወላሂ ይህ ማጭበርበር ነው! ኢንታሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ገንዘብ ከፍለሽ ያየሽውን ደብቀሽ ትበያለሽ?»

«ትብላው እንጂ፣ አዴ» አለች የአጋሮዋ፣ ዓይኗን ቡናው ላይ ተክላ። «እኔ ግን ላሳጥርልዎ። ከእጮኛዋ ጋር በመስኮት ትዘላለች።»

«በሰርግ ልብሷ?»

«በሰርግ ልብሷ።»

«አባቷን ጥላ? እንግዳ ተጠርቶ፣ በሬ ታርዶ? ልጅ ወልደሽ ብትሆን እንዲህ አትይም።»

«በሬውን ይብሉታ! በሬው ምን አገባው?»

ሁለት ሆኑ፣ ሦስት ሆኑ፣ ስምንት ሆንን። አንዷ ሀብታሙን ለታናሽ እህቷ ትስጠው አለች። አንዷ እጮኛው እስካሁን የት ነበር፣ መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ አለች። አዴ ለሁሉም መልስ ነበራቸው። ስምንት ራስ አጎንብሶ፣ ስምንት አፍ ይሟገታል፤ ጣቶቻችን ደግሞ እንደ ዶሮ ይለቅማሉ። እንደ ፈረሶቹ ቀን ስለማንቸኩል ደህናውን አንጥልም፤ ስለማናለቅስ ጥቁሩን አናሳልፍም።

ሐሙስ ተመሳሳይ። ዓርብ ካቦው ከኋላችን ቆሞ ቆየ። ሊቆጣ ነው አልኩ።

«አባትየው ግን» አለ ቀስ ብሎ፣ «አባትየው ምን አለ?»

«እሱን እኮ ነው የምንጠይቃት!» አሉ አዴ።

ካቦው ኮስተር ብሎ ሄደ፤ አንገቱ ግን ወደ እኛ ዞሮ ነበር የሚሄደው።

ቅዳሜ ሥራ ሲያበቃ ካቦው ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የአንደኛው ጠረጴዛ ናሙና አራት ጥቁር ፍሬ ወጣበት። ከእኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አወጣና ቆመ። ከዚያ ጣቱን መልሶ ሰደደና አራተኛ አነሳ፤ ግማሽ ጎኑ የጠቆረ።

«ይህ ጥላ ነው» አለች የአጋሮዋ ከበሩ ላይ። ማንም ግቢ አላላትም።

«ጥላ በእጅ አይያዝም» አላት።

አራት ለአራት ከሆነ ጸዳን ማለት አንችልም፤ የተባባልነው ደግሞ ከነሱ ልንጸዳ ነው። ካቦው ፍሬዋን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። በብርሃን አገላበጣት። በጥፍሩ ፋቃት። እኔ «ተዉት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ልል ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር፤ ግን ዘጋሁት። ያስያዝኩትን ራሴ አላነሳም፤ እሱ ይወስን። ሁለተኛ ፋቃት። ጥቁሩ ተላጠ፤ በላዩ የደረቀ ገለባ ኖሯል። ከሥሩ ያለው ቡና ንጹሕ ነበር።

ፍሬዋን ወደ ክምሩ መለሳት።

«ቀጥሉ» አለ። «ነገር ግን ስሚ። ወደ ውጭ በሚሄደው ቡና ላይ የሚያስለቅስ ፊልም እንዳታመጪ። ማልቀስ ከፈለጋችሁ ለአገር ውስጡ አልቅሱበት።»

«እሺ፣ ጋሼ። ጥቁር ፍሬ ከተገኘብን አሁንም እኔን ነው።»

«አንቺ የት ትሄጃለሽ? የሚባረረው ፊልሙ ነው።»

ስወጣ ከአንደኛው ጠረጴዛ ትልቋ ሴት በሩ አጠገብ ጠበቀችኝ። እነሱ ስድስት ቀን ከኛ ጋር ሲለኩ ቆይተው ተሸንፈዋል፤ ልትጣላኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ነጠላዋን አጣፍታ ጠጋ አለችኝ።

«ስሚ አንቺ፣ የመጨረሻውን ባትነግሪ ምርጫሽ ነው። ግን መጀመሪያውን ለምን ታንሾካሹኪዋለሽ? ሳምንቱን ሙሉ ጆሯችንን ወደናንተ ስንጥል አንገታችን ሊቀር ነው። አራቱ ጥቁር ፍሬ ከየት የገባብን ይመስልሻል?»

ይህን ለካቦው አልነገርኩትም። ያሸነፍነው ግማሹን በነሱ ጆሮ መሆኑን እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።

ሰኞ ጆንያው ተዘረገፈ፤ አዴ ረቡዕን ሳይጠብቁ ርዕስ ሰጡ። እኔም ጀርባዬን አቅንቼ፣ አንደኛው ጠረጴዛ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴት ሳትቀር እንድትሰማ፣ ድምጼን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ።