ላም የሌላቸው ኃላፊ

ቅዳሜ ጠዋት ሆሳዕና ከተማ የሄድኩት ልጆች የኮምፒውተር ኮድ መጻፍ ሲማሩ አይቼ ዘገባ ልሠራ ነበር። መምህሩ ግን በሩ ላይ የተቀበለኝ ፊቱን ቋጥሮ ነው። የሚያስተምርበት ክፍል የወንበር ማከማቻ ሊሆን ታስቧል። አራት ሰዓት ላይ አንድ ኃላፊ መጥተው፣ የልጆቹን ሥራ አይተው ይወስናሉ።

ለማሳያ የተመረጠው የአንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ፕሮግራም ነው፤ የፈተና ውጤት ተቀብሎ አማካዩን ያወጣል። ልጅቷ ቦኖሻ ከሚባል አካባቢ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። መምህሩ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክረው ብሎ ሲከፍተው «ደህና አደሩ?» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ቀጥሎ «ቤተሰብ ደህና ነው?»፣ «ዝናቡስ?»፣ «ላሞቹ ደህና ናቸው?»

«ይሄ ትናንት አልነበረም! ለምን አስገባሽው?»

«ቲቸር፣ ሰላም ሳይባል ሰው ውጤት ይጠየቃል እንዴ?»

«ኮምፒውተር እኮ ነው!»

«እሱማ ስላላስተማርነው ነው።»

እኔ ገና ስገባ «ስንት ተማሪ አላችሁ?» ብዬ መጀመሬ ትዝ አለኝና ማስታወሻዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ለማጥፋት ጊዜ አልተገኘም፤ ኃላፊው ገቡ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው በአንድ ጣታቸው «ደህና» እየጻፉ ቤተሰቡንም ዝናቡንም አለፉ። ላሞቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ላም የለኝም» ብለው ጻፉ።

«ላሞቹ ደህና ናቸው?» አለ ፕሮግራሙ።

«የለኝም አልኩት እኮ!» ደግመው ጻፉ። እሱም ደግሞ ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ደህና ካልተባለ አያልፍም» አለች ልጅቷ። «ከብቱ ደህና ሳይሆን እንዴት ስለ ውጤት ይወራል?»

«ላም የሌለው ሰውስ?»

ትንሽ አሰበች። «እንደዚያ ዓይነት ሰው መኖሩን አላሰብኩም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ላቡን እየጠረገ «ግድ የለም፣ ደህና ናቸው ይበሉት» አላቸው።

«የሌለኝን ላም ደህና ናት ልበል? በዚህ ዕድሜዬ?» ኃላፊው ራሳቸውም መሳቅ ጀመሩ። ከዚያ ተነሥተው ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ለወንበሮቹ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። እናንተ ግን ይሄ ነገር እንደ እኔ ያለውን ደሞዝተኛ ማሳለፍ እስኪማር ከዚህ ክፍል ንቅንቅ እንዳትሉ።»

መምህሩ እጃቸውን ይዞ በምስጋና ሲወዘውዝ ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እርማቱን ጀምራ ነበር። ጠጋ ብዬ አነበብኩት። ላም ለሌለው ሰው አዲስ ጥያቄ ገብቶለታል፦ «በጎቹስ ደህና ናቸው?»