ሙሽሪት ያሉኝ ክረምት

ጋዜጣው በወጣ ቀን ከትምህርት ቤት ወጥቼ በሰሜን እስራኤል ያለችው ከተማችን አፉላ አውቶቡስ ጣቢያ ስደርስ፣ የክፍሌ ልጆች ተደርድረው እያጨበጨቡ የሰርግ ዘፈን ይዘፍኑ ነበር። ለማን እንደሚዘፍኑ መጀመሪያ አልገባኝም። ዞር ብዬ ኋላዬን ባይ ማንም የለም። ከዚያ አንዱ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። የእኔ ፎቶ ነው። እጆቼ ከራሴ በላይ ተዘርግተዋል፣ አገጬ ቀና ብሏል፣ እናቴ የሰፋችልኝ ሰማያዊ ሸሚዝ በነፋስ ተነፍቷል። ከፎቶው በላይ በትልቁ «ኢትዮጵያዊቷ የበረዶ ሙሽሪት» ይላል።

«ካላ! ካላ መጣች!» ይላሉ። ካላ በዕብራይስጥ ሙሽሪት ማለት ነው። ጣቢያው በወታደርና ከሥራ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል፤ ጥቂቶቹ ሳቁ፣ የቀሩት ወደ ስልካቸው ተመለሱ። እኔ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዬን የያዘውን ቦርሳ ትከሻዬ ላይ አስተካክዬ ወደ ሰሜን የሚሄደውን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ልምምድ ነበረብኝ።

ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ወንድ ልጅ ነበርኩ። አባቴና እናቴ ከጎንደር ወርደው፣ አዲስ አበባ ሲጠብቁ ከርመው በአውሮፕላን ከመጡት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ አፉላ ነው። በረዶ ላይ መንሸራተት የጀመርኩት ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ለበዓል ብለው ከገበያ ማዕከሉ ፊት ለፊት በተከሉት ጊዜያዊ ሜዳ ላይ ነው። እናቴ አንድ ጊዜ ዞሬ እንድወጣ ነበር ያሰበችው። ሜዳው እስኪፈርስ ድረስ ግን በየቀኑ እያለቀስኩ እንድትወስደኝ አስገደድኳት። እዚያ ልጆች የምታለማምድ ከሩሲያ የመጣች ሴት ነበረች። ለእናቴ በምልክትም በተሰባበረ ዕብራይስጥም «ይሄ ልጅ መውደቅ አይፈራም፤ አምጪልኝ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ አሰልጣኜ እሷ ናት።

የምንሸራተትበት መንገድ ግን እንደሌሎቹ ወንዶች አልነበረም። ሌሎቹ ከበሮ የበዛበት ሙዚቃ ይመርጣሉ፣ ጥቁር ይለብሳሉ፣ እንደ ጦረኛ እጃቸውን ጨብጠው ይጨርሳሉ። እኔ ቀስ ያለ ዜማ እወዳለሁ። እጄን እስከ ጣቴ ጫፍ እዘረጋለሁ፣ ጀርባዬን ወደ ኋላ እለጥጣለሁ፣ በሁለት ዝላይ መካከል ትከሻዬን አናግራለሁ። ይህን ያስተማረኝ የለም። ሰውነቴ ዜማ ሲሰማ የሚሄደው እንደዚያ ነው።

ጋዜጠኛው በስልክ ሲያነጋግረኝ ይህን ሁሉ ነግሬው ነበር። ስለ ዝላዮቼ፣ ስለተሰበረው የእጅ አንጓዬ፣ ጎህ ሳይቀድ ስለመነሳቴም አውርቼለታለሁ። አንዱንም አልጻፈም። ስለ ሸሚዙና ስለ «ለስላሳ እጆቼ» ብቻ ጻፈ።

አባቴ የሚሠራው በኢንዱስትሪ ቀጠናው ካሉት ፋብሪካዎች ባንዱ ነበር። በማግስቱ የሥራ ባልደረቦቹ ጋዜጣውን የምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ጠበቁት። እሱም ምሳውን በልቶ፣ ሳህኑን መልሶ፣ ከዚያ ወረቀቱን እንዳይቀደድ በጥንቃቄ ገንጥሎ ኪሱ ከተተው። ማታ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«ፎቶው ያምራል» አለ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ «መቀስ አምጪ። ጽሑፉን ቁረጪና ልጄን አስቀምጪልኝ» አላት።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ በአንድ ምት ቆረጠችው። ቃሉ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ገባ፣ ፎቶው ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስለ ጋዜጣው የተናገረ የለም። ደጅ ግን ስሙ ተጣበቀብኝ። ሱቅ ስገባ ካላ፣ ባቡር ስጠብቅ ካላ። አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ሳይቀር አባቴን ጥግ አስይዞ «ልጅህን ወደ ኳስ መልሰው፤ ስማችን ጠፋ» ብሎት ነበር።

ከሁሉም የከበደኝ ግን አሰልጣኜ ያመጣችው ወሬ ነው። የአገሪቱ ሻምፒዮና ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ልምምድ አቁማ ወደ ሜዳው ጠርዝ ጠራችኝ።

«ከዳኞቹ አንዱን አነጋገርኩት» አለች። «ዝላይህ ጥሩ ነው ይላል። እጆችህ ግን የወንድ ይምሰሉ አለ። ሙዚቃ እንቀይር፣ ጥቁር ልበስ። ለዚህ ዓመት ብቻ።»

«ብቀይር ነጥብ ይሰጡኛል?»

«ይሰጡህ ይሆናል።»

«እጄ ተሳስቶ ከሆነ ልስማሽ። ተሳስቷል?»

እጆቼን አየች። ትንፋሿ በብርዱ እንደ ጢስ ይወጣል። «አልተሳሳተም» አለች።

«እንግዲያው አልቀይርም።»

ተናዳ ጓንቷን አውልቃ ጠርዙ ላይ ወረወረችው። መልሳ አነሣችውና «በል ከመጀመሪያው ጀምር። ካልቀየርክ ሌላው ሁሉ እንከን ሊኖረው አይችልም» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ደክሜ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ከቴሌቪዥን ደውለው ቤታችን መጥተው ሊቀርጹን ጠየቁ። አሰልጣኜ እሺ በል አለችኝ፤ ስፖርታችንን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ትሑት የሆነች ወጣት ጋዜጠኛ ከአንድ ካሜራ ያዥ ጋር መጣች። ወላጆቼ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ እኔ መሐል ሆኜ አስተረጉማለሁ።

«አባትህን ጠይቅልኝ፤ ልጅህ ይህን ሲመርጥ አላፈርክም?» አለች።

አስተረጎምኩ። አባቴ ጥያቄውን እንደገና አስደገመኝ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ፣ ዓይኗን እያየ በአማርኛ መለሰ። «እኔ ባደግኩበት አገር ሰርግ ላይ ወንዱ በትከሻው ይጨፍራል። የሚታፈረው ቁጭ ብሎ የቀረው ነው።»

ስተረጉምላት ጋዜጠኛዋ ፈገግ አለች፤ ወደደችው። «በጣም ጥሩ! እንግዲያው ነጠላ ልበስና እዚህ ሳሎን ውስጥ ትከሻህን እንቀርጻለን» አለችኝ።

«እኔ የምሠራው በረዶ ላይ ነው» አልኳት። «ርእሱ ምንድን ነው የሚሆነው?»

ወደ ካሜራ ያዡ አየች። «ያው፣ የበረዶዋ ሙሽሪት። ሰው በዚያ ነው የሚያውቅህ። በፍቅር ነው እኮ የሚሉህ!»

«በዚያ ስም ከሆነ አልቀረጽም።»

«ምን አለች?» አለች እናቴ። ነገርኳት። እናቴ ቀስ ብላ ተነሥታ፣ ለመቀረጽ ወንበር ላይ የዘረጋችውን ሰማያዊ ሸሚዝ አጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችው። «ሙሽሪት ከፈለገች ሰርግ ቤት ትሂድ በላት። እዚህ ያለው ወንድ ልጄ ነው።»

ቃል በቃል አስተረጎምኩት። ካሜራ ያዡ ሳቁን መያዝ አቃተው። ጋዜጠኛዋ ፊቷ ቀላ፤ ጥቂት አሰበችና «ልምምድ ላይ ብንመጣስ?» አለች። እውነትም በሳምንቱ መጣች። እየተንቀጠቀጠች ሙሉ ጠዋት ቆመች፤ ስወድቅ ቀረጸች፣ ስነሣ ቀረጸች፣ ስለ ዝላዮቹ ጠየቀች፣ በደንብም አዳመጠች። ያዘጋጀችው ፊልም ውስጥ አንዴም ሙሽሪት የሚል ቃል አልነበረም። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው አቅራቢ ግን ፊልሙ ሊታይ ሲል «አሁን ደግሞ ወደ በረዶዋ ሙሽሪት» ብሎ አስተዋወቀው። እሷ ደውላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ያን ያህል ብቻ ነበር የምትችለው።

ለሻምፒዮናው ወላጆቼ አብረውኝ ሄዱ። ወደ ሜዳው ስገባ ከመቀመጫዎቹ አንዱ ጥግ ላይ ጥቂት ልጆች የሰርጉን ዘፈን ጀመሩ። ግን ሙዚቃዬ ሲጀምር እጄ በራሱ ሄደ። ሁለተኛው ዝላይ ላይ በዳሌዬ ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ዜማውን ደረስኩበት። የቀሩትን ሁሉ ቆሜ ጨረስኩ። የመጨረሻው ሽክርክሪት ላይ ጀርባዬን እስከ መጨረሻው ለጥጬ፣ ከዚያ በፊት ከደፈርኩት በላይ እጄን ዘረጋሁ። ስቆም ዘፋኞቹ ዝም ብለዋል ወይስ ጭብጨባው ውጧቸዋል፣ ዛሬም አላውቅም። ሁለተኛ ወጣሁ። ስለ እጆቼ የተናገረው ዳኛ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጠኝ፤ ሌሎቹ ግን አልሰጡም።

ከሜዳው ስወጣ አንድ የራዲዮ ጋዜጠኛ ማይክራፎኑን ደቀነ። «እሺ፣ ሙሽሪታችን ምን ይሰማታል?»

«አሁን አንደኛ የወጣውን ልጅ አነጋግረኸው የለም? ምን ብለህ ጠራኸው?» አልኩት።

«በስሙ።»

«እኔም ስም አለኝ። ጥያቄህን ከመጀመሪያው ጀምር፤ እጠብቃለሁ።»

አሰልጣኜ ክንዴን ጨበጠችኝ፤ እንድተወው መስሎኝ ነበር፣ ለካ አጠገቤ ልትቆም ነው። ሰውየው ግራ ቀኝ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወረቀቱን ገልብጦ ፈለገ። ስሜን ጠራ፣ የአባቴን ስም አስከተለ፣ «ከአፉላ» አለ። ከዚያ ስለ ሁለተኛው ዝላይ ጠየቀኝ። ረጅም መልስ ሰጠሁት።

ቅጽል ስሙ ወዲያው አልሞተም። ለዓመታት እዚህም እዚያም ብቅ ይል ነበር፤ ብቅ ባለ ቁጥር አስቆምኳቸው፣ አንዳንዴ በትዕግሥት፣ አንዳንዴም በቁጣ። አንደኛ የወጣሁበትም ዓመት መጣ፣ ጉልበቴ ተጎድቶ የቀረሁበትም። እጄን ግን ለማንም ብዬ አላጠፍኩም።

ከዚያ ሻምፒዮና ስንመለስ አባቴ፣ አፉላ ልንደርስ ስንል «ያ የወደቅክበት ነገር፣ ስትነሣ ቶሎ ቸኮልክ መሰለኝ» አለኝ። ስለ በረዶ አስተያየት ሲሰጠኝ የመጀመሪያው ነበር። ልክ ነበር። በማግስቱ ልምምዱን የጀመርኩት ወድቆ ሳይቸኩሉ ከመነሣት ነው።