ኩሬው የማን ዱካ ነው?

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው በወላጆች ስብሰባ ላይ ነበር። ሌሎች ልጆች አልጋቸው ላይ ሆነው ይስሙት እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ቤት ግን ተረት የሐሙስ ነበር። ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ካናዳ ካልጋሪ ከተማ፣ ሜይላንድ ሃይትስ የሚባል ሰፈር በነበረው ቤታችን ጓሮ፣ አባቴ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል በገዛት ዝገት የበላት የብረት ምድጃ ዙሪያ፣ ከሥራ የወጡም ወደ ሥራ የሚገቡም አበሾች ተሰብስበው ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይነጋገሩ ነበር። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ብርዱ እስኪጠና ድረስ ውጭ ነበር የሚቀመጡት። ያኔ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ወንድሜ ናሆም ስምንተኛ።

የሚያነጋግራቸው ነገር ዛሬ ሳስበው ለመናገር ቀላል ነው። የእኛና የሌሎች ጥቁር ቤተሰቦች ልጆች ከሌላው ልጅ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ወደ ቢሮ የሚጠሩት ለምንድን ነው? እዚሁ ካልጋሪ ተወልዶ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ልጅ ስሙ ብቻ ታይቶ ወደ አዲስ መጤዎች የቋንቋ ክፍል የሚገባው ለምንድን ነው? ያኔ ግን ከወሬው ሁሉ ጆሮዬ የሚይዘው «ሚቲንግ»፣ «ፕሪንሲፓል»፣ «ሰስፔንድ» የሚሉትን ቃላት ብቻ ነበር፤ እነሱም ከጭሱ ጋር ተደባልቀው ያልፉኝ ነበር። በዚያ ዓመት ሰመሩን፣ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ ከምዕራብ የመጣ የደን ቃጠሎ ጭስ ከተማው ላይ ተኝቶ ስለከረመ፣ መስከረም ገብቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላም መጋረጃው ሳይቀር ጭስ ጭስ ይል ነበርና፣ የደኑ ጭስና የጓሯችን ጭስ በትዝታዬ አንድ ሆነው ቀርተዋል።

ስብሰባውን የሚመሩት ጋሼ ወርቅነህ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ፎረስት ሎን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ በነበረቻቸው ጠባብ ሱቅ ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። ወደ እኛ ቤት ሲመጡ የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ማውለቅ ይረሱ ነበር። ሰው ደክሞት እንደሚመጣ፣ በደከመ ሰው መሃል ደግሞ ጠብ ቶሎ እንደሚነሣ ስለሚያውቁ፣ ስለ ትምህርት ቤት ማንም አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት አንድ ተረት ይናገራሉ። እኛ ልጆች ተረቱ እስኪያልቅ እሳቱ ዳር እንድንቀመጥ ይፈቀድልናል፤ ሲያልቅ ወደ ቤት እንባረራለን።

«ጆሮ ይዛችሁ መጥታችኋል?» ይላሉ ፍሙን በእንጨት እየገላለጡ።

«ይዘናል!»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም!»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ፊታቸው በፍሙ ብርሃን ከሥር ወደ ላይ ይቀላል፤ የማላውቀው የአማርኛ ቃል ሲመጣ ከእጃቸው አነበዋለሁ።

አንድ ሐሙስ የተናገሩት የጃርቷን ተረት ነበር። በአንድ አገር የዱር አራዊት ሁሉ የሚጠጡባት አንዲት ምንጭ ነበረች። አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ዘንቦ አድሮ ሲነጋ ምንጯ ደፍርሳ ተገኘች። አንበሳው ዳኛ ነውና «ያደፈረሳት ዱካውን ሳይጥል አልሄደም፤ ፈልጉ» ብሎ አዘዘ። በሌሊት መጥተው ምንጯን ሲያቦኩ ያደሩት ዝሆንና ጎሽ ነበሩ። ዳሩ ግን ዱካቸው ከመስፋቱ የተነሣ ዝናቡ ሞልቶት ነበርና ያየው ሁሉ «ይሄማ ኩሬ ነው» እያለ ያልፈዋል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ይጠጣበታል። ከጭቃው ዳር ግን ውሃ ልትጠጣ የመጣችው የጃርት እግር፣ ጣቷ ሳይቀር እየተቆጠረ ይታያል። ተፈረደባት።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ» አሉ ጋሼ ወርቅነህ፣ «ጃርት ስትሄድ እሾኋን መሬት ለመሬት ትጎትታለች። ዱካዋን እየጠረገች ነው። ብልህ ናት።»

ሰዉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትሠራ ነበር፤ ለእኛ ያወጣችው ሕግም ከዚህ ተረት የራቀ አልነበረም። ኮፍያህን አውርድ። ሱቅ ስትገባ እጅህን ከኪስህ አውጣ። የማትገዛውን አትንካ። ነገር ይዘህ ቤት አትምጣ። ናሆም ይህንን እንደ አባታችን ሆይ በቃሉ ያውቀው ነበር።

ከእሳቱ ማዶ ሃያት ተቀምጣ ነበር። ሃያት እዚሁ ከተማ ያደገች፣ ሌላ ሰፈር ጁኒየር ሃይ፣ ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ያሉትን የምታስተምር ወጣት ናት፤ ከተሰብሳቢው መሃል የትምህርት ቤትን አሠራር በሥራዋ የምታውቅ እሷ ብቻ ስለነበረች ጋሼ ወርቅነህ ራሳቸው ነበሩ የጋበዟት።

«ጋሼ፣ ሶሪ፣ አይቀየሙኝና» አለች። «ሲያወሩት ደስ ይላል። ግን እኔ አልወደድኩትም።»

ሳቁ ቆመ። ያኔ ጋሼ ወርቅነህን ፊት ለፊት እንዲህ የሚላቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ምኑን ነው ያልወደድሽው?»

«ጃርቷ ለምንድነው ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠርግ የምትኖረው? ላይክ፣ አንድ ሰው እንኳን ‹ይሄ ኩሬ የማን ዱካ ነው?› ብሎ አይጠይቅም?»

«ማን ይጠይቅ? ዳኛው እኮ አንበሳ ነው።»

«እኛ እንጠይቃ!» አለች። «እኔ ስታፍ ሩም ውስጥ፣ ከአስተማሪዎቹ ጋር ነው የምውለው። ልጆቻችን አያጠፉም አላልኩም፤ ያጠፋሉ። የነሱ ግን ሁሌ ይጻፋል፤ የሌላው ይታለፋል። እኛ ደግሞ ቤት ስንገባ ‹ጥረጉ› እንላቸዋለን።»

አንድ አባት ጉሮሮውን ጠረገና «አንቺ ልጅ፣ እኛ እኮ እዚህ እንግዶች ነን» አላት።

«ልጆቹ እንግዳ አይደሉም» አለች ሃያት።

ጋሼ ወርቅነህ እንጨታቸውን ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው ፍሙን ያዩ ጀመር። ተረቱ አልቋልና እኛን ወደ ቤት አስገቡን፤ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ናሆም ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ አንድን ልጅ ገፍትሮ ከብረቱ የዕቃ ሣጥን፣ ከሎከሩ ጋር አጋጨው። ናሆም ሰስፔንድ ተደረገ፤ ለጥቂት ቀናት ከትምህርት ታገደ። ልጁ ትከሻው ላይ በረዶ ተደርጎለት ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ይባስ ብሎም ትምህርት ቤቱ ናሆምን ለአስቸጋሪ ልጆች ወደተዘጋጀ ፕሮግራም፣ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ለማዛወር እንደሚያስብ ለእናቴ ነግሮ ለስብሰባ ጠራት። እናቴ ስልኩን ዘግታ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም።

«ሶሪ ትላለህ» አለችው። «እኔም ሶሪ እላለሁ። ያልቃል።»

«ኦኬ» አለ ናሆም። ለምን እንደገፈተረው አልጠየቀችውም፤ እሱም አልተናገረም። ያኔ አባቴ ትራክ ስለሚነዳ ከከተማ ወጥቶ ነበር። ለጋሼ ወርቅነህ የደወለላቸው እሱ ነው፣ ከመንገድ ላይ።

በቀጠሮው ቀን ጋሼ ወርቅነህ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ሃያት መጣች። ከሐሙስ ተሰብሳቢዎች መሃልም አንድ አባትና አንዲት እናት የሥራ ፈረቃቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው መጡ። እኔን ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ይዘውኝ ሄዱ፤ ከበሩ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ምክትል ርእሰ መምህሯ ክፉ ሴት አልነበረችም። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፣ ዓይኗ ሥር ድካም ይታይባት ነበር፣ እስክሪብቶዋን መክደንና መክፈት ትወድ ነበር። ያኔ እኔ የማስበው ስለ ወንድሜ አልነበረም፤ ጋሼ ወርቅነህ አሁን ተረት ሊጀምሩ ነው፣ ጆሮ ይዘሽ መጥተሻል ወይ ሊሏት ነው፣ በዚያ እንግሊዝኛቸው እንዴት አድርገው ይሉታል እያልኩ በእሳቸው ቦታ ሆኜ አፍር ነበር።

እናቴ «ዊ አር ቬሪ ሶሪ» ብላ ጀመረች።

ጋሼ ወርቅነህ እጃቸውን ክንዷ ላይ አደረጉ። «ቆይ ፀሐይ» አሏት። ከዚያ ወደ ምክትሏ ዞሩ። ተረት አልጀመሩም።

«ቢፎር ፑሽ» አሉ። «ቢፎር ፑሽ፣ ዋት?»

ሴትዮዋ አልገባትም። ሃያት ልትተረጉምላት ትችል ነበር፤ ግን ለእሳቸው ተወችው። እሳቸው ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ደገሙት። አሁን ገባት። ከግፍተራው በፊት ሆነ የተባለ ነገር እንዳልተመዘገበ፣ ትምህርት ቤቱ የሚወስነው በታየው ድርጊት ላይ ብቻ እንደሆነ በጨዋነት አስረዳች።

ያኔ ሃያት «ናሆምን የጠየቀው ሰው አለ?» አለች በእንግሊዝኛ። ሴትዮዋ ከፊቷ ያለውን ወረቀት አየች፤ እስክሪብቶዋን ከደነች። የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ናሆም» አሉ ጋሼ ወርቅነህ። «ንገራቸው። በቀናህ ቋንቋ።»

ናሆም ጫማውን እያየ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ልጁ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ በአንድ የስድብ ስም ይጠራው ነበር። ናሆም ያንን ስም እንዳለ ተናገረው፤ እኔ እዚህ አልጽፈውም። ጂም ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት፣ በኮሪደሩ ሲተላለፉ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ናሆም ለአንድ አስተማሪ ነግሮ ነበር። አስተማሪው «ዝም በለው፣ ሲሰለቸው ይተውሃል» አለው። ዝም አለው። አልተወውም።

እናቴ በክፍሉ ውስጥ ከልጇ በቀር ሰው ያለ አልመሰላትም። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችው በአማርኛ።

«ማሚ፣ ነገር ይዘህ ቤት አትምጣ አላልሽኝም?»

ጋሼ ወርቅነህ አንገታቸውን ደፉ። አማርኛ የማትሰማው ያቺ ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ከእናቴ ፊት ያላነበበችው አይመስለኝም። እናቴ የይቅርታ ንግግሯን አልቀጠለችም። ከነሥራ ዩኒፎርሟ ነበር የመጣችው፤ ኮቷን ቀስ ብላ አወለቀችና አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገች።

«ናው ዩ ራይት» አለች። «ኦል። አይ ዌይት።»

ሴትዮዋም እስክሪብቶዋን ከፍታ መጻፍ ጀመረች። ናሆም እንደገና ከመጀመሪያው ነገራት።

ነገሩ በዚያ ቀን አላለቀም፣ እንደተመኙትም አልሆነም። ቅጣቱ አልተሰረዘም። ማዛወሩ ግን ቀረ፤ የሌላውም ልጅ ወላጆች ተጠሩ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ወርቅነህና ሃያት ከሶማሊያ፣ ከሱዳንና ከጃማይካ ከመጡ ወላጆች ጋር ሆነው ከትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች ጋር በየወሩ ላይብረሪው ውስጥ ይቀመጡ ጀመር። በልጆች መሃል የሚነገር የዘር ስድብ እንደ ግፍተራው ሁሉ ይመዝገብ፣ ከመቀጣቱ በፊትም ልጁ ይጠየቅ የምትለዋን ነገር ለማጽደቅ ብቻ የትምህርት ዓመቱ አለቀ። ሃያትን በራሷ ትምህርት ቤት አንዳንድ ባልደረቦቿ ነገር ፈላጊ አሏት፤ አንድ ጊዜ ልትተወው ደርሳ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። ምክትሏ ሳትቀር ከጊዜ በኋላ ከነሱ ጋር ትቆም እንደነበርም ሰምቻለሁ። እኔ ግን ልጅ ነበርኩና ከዚህ ሁሉ ይልቅ በደንብ የማስታውሰው ከምክትሏ ቢሮ ከተመለስን በኋላ የመጣውን ሐሙስ ነው።

በረዶ ጥሎ ስለነበር ከቤቱ ሥር ወዳለው ክፍል፣ ቤዝመንት ገባን። የጣራው መብራት ዓይን ስለሚወጋ አባቴ ከሳሎን ያወረዳት አንዲት የጠረጴዛ መብራት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጋሼ ወርቅነህ የጃርቷን ተረት ጀመሩ።

«ሰምተነዋል!» አልን።

«አልሰማችሁትም» አሉ።

ምንጯ ደፈረሰች፣ ዝናቡ ዱካውን ሞላው፣ ጃርቷ ተከሰሰች። አንበሳው ሊፈርድ ሲል ግን ጃርቷ ቀና ብላ፣ «ጌታዬ፣ ያ ትንሹ ዱካ የኔ ነው፤ አልክድም። ይሄ ኩሬ ግን የማን ዱካ ነው?» አለች። እዚህ ላይ ጋሼ ወርቅነህ ተረቱን አቆሙ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። ለኔ ሲነግሩኝ እዚህ አልደረሰም ነበር።» ወደ ሃያት ዞሩ። «አንቺ ታውቂዋለሽ?»

«እኔም አላውቀውም ጋሼ» አለች ሃያት።

እኛ ልጆች ተናደድን። መጨረሻ የሌለው ተረት ያኔ ለኛ እንደ ስርቆት ነበር። አንዱ አንበሳው ተቆጥቶ ጃርቷን ሊበላ ሲል እሾኋ ወጋው አለ። አንዷ ዝሆኑ ራሱ መጥቶ እግሩን ኩሬው ውስጥ አስገብቶ ለካው አለች። ናሆም ከደረጃው ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። በዚያ ቀን ወደ ላይ ውጡ ያለን ሰው አልነበረም።

ዛሬ ጋሼ ወርቅነህ ሱቃቸውን ዘግተው ኮርነርስቶን በሚባል ሰፈር ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሃያት አሁንም ታስተምራለች። ናሆም ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ወልዷል። በቅርቡ ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግብ ሲሄድ አብሬው ሄጄ፣ ስንጨርስ መኪና ውስጥ ተቀምጠን «የጃርቷ ተረት ትዝ ይልሃል?» አልኩት።

«ዋት ጃርት?» አለኝ።

ተረቱን አያስታውሰውም። የጋሼ ወርቅነህን ጥያቄም፣ ለማሚ የመለሰላትንም አያስታውስም። ያን ቀን ሙሉ ደንዝዞ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ፣ «ወንበር አልበቃም ነበር» አለ። «ሴትዮዋ ያዘጋጀችው ለማሚና ለኔ ብቻ ነበር። ከዚያ ሁሉም ከነኮታቸው ግር ብለው ገቡ። ከሚቀጥለው ክፍል ወንበር እየጎተተች ስታመጣ ትዝ ይለኛል። ያኔ ነው መተንፈስ የቻልኩት።»

እኔ ወንበሮቹን አላስታውስም። ዓይኔ ጋሼ ወርቅነህ አፍ ላይ ነበር፣ ተረት ስጠብቅ። ለብዙ ዓመታት ወንድሜን ያተረፈው ያ ጥያቄ ይመስለኝ ነበር፤ ምናልባት ትምህርት ቤቱን ትንሽ ነቅንቆት ይሆናል። ናሆም ግን የተረፈው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ገና ማንም አፉን ሳይከፍት ነበር።