ታረቁ ብለው የወጡበት ፊልም

መካነ ሰላም ውስጥ ፊልም በማይክ የምተረጉም ሴት እኔ ብቻ ነኝ። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከገበያው በላይ ኳስ የሚያሳዩበት የቆርቆሮ ቤት አላቸው። ኳስ በሌለ ቀን ፊልም ይከፈታል፤ እኔም ከስክሪኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ፈረንጆቹ የሚሉትን በአማርኛ እላለሁ። ድምፄ ደጅ በተሰቀለው ማጉያ ገበያው ድረስ ስለሚሰማ መጀመሪያ ላይ ብዙ ታማሁ። ይሙኝ። ደሴ ሄጄ እንግሊዝኛ የተማርኩት ለመሽኮርመም አይደለም።

ያን ፊልም የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ ለምን እንደመረጥኩትም አልደብቅም። በገንዘብ ሰው የሚገድል አንድ ሰው ከአሳዳጆቹ ሸሽቶ ባሕር ጠረፍ ላይ ባለች ትንሽ መንደር ይደበቃል። ብቻውን ነው። እንቁላል ይቀቅላል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ መስኮት ላይ ቆሞ ዝናብ ያያል። ጎረቤቱ ያለች ባሏ የሞተባት ሴት ታዝንለታለች፤ ልጇ ግን ይጠረጥረዋል፣ ሁለት ጊዜም ይጣላሉ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ለራት ትጠራዋለች፤ ከልጇ ጋር አብሮ ይበላል። በማግስቱ ልጁን ይገድለዋል።

አባቴንም ሰው የገደለው ቤታችን እራቱን በልቶ ነው። ነገሩ የእርሻ ወሰን ጠብ ነበር። ሰውዬው ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ለዓመታት ተደበቀ፤ በኋላ አበጋሮቹ፣ ደም የሚያስታርቁት አባቶች፣ ገቡበት። ሰንጋ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ፣ የሁለቱ ወገን ወንዶች ከአንድ ገበታ በሉና ነገሩን ዳግም ላያነሱ ማሉ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት አባቴ "ሞተ" እንጂ "ተገደለ" የሚል የለም። ሰውዬው ዛሬ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ ገበያ ላይ ስታገኘው እናቴ "እንዴት ዋልክ" ትለዋለች። እርቁን አልጠላሁትም። ወንድሞቼ በሕይወት ያሉት በእርቁ ነው። ዝም በይ መባሉን ግን እስከዛሬ አልዋጥኩትም። አባቴ እንዴት እንደሞተ ሰው በተሰበሰበበት አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ሳልናገር መቀበር አልፈልግም ነበር።

ፊልሙን የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፈትኩት። አግዳሚዎቹ እህላቸውን ሸጠው በጨረሱ ገበሬዎች ሞሉ። የለመዱት ገና ሲጀመር የሚንጣጣ ተኩስ ነው።

"ይህ ሰውዬ ሥራ የለውም እንዴ?" አለ አንዱ።

"ተደብቆ ነው" አልኩ በማይኩ።

"ታዲያ ስንቅ ማን ያመላልስለታል? ወገን የለውም?"

ወገን የሌለው ገዳይ አልገባቸውም። እኛ አገር ደም ያለበት ሰው ሲሸሽ ቢያንስ እህቱ ስንቅ ታደርስለታለች፣ ዘመዶቹም ሽማግሌ ይልካሉ። ይህ ግን እንቁላሉን እየላጠ ብቻውን ይቀመጣል። ቀስ በቀስ አዘኑለት። በማዘናቸው እኔ ተናደድኩ።

እራቱ ደረሰ። ሴትዮዋ፣ ልጇና ገዳዩ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ማንም አይናገርም፤ የምተረጉመው አልነበረኝም። ልጁ ዳቦ ቆርሶ ለገዳዩ ሲያቀብለው፣ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ "አልሃምዱሊላህ፣ ታረቁ!" አሉና እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም "አሚን" አለ። ከዚያ ሁሉም ዱላውን አንስቶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ እየተመራረቀ ወጣ። ጠበኞች አብረው ከበሉ ምን ቀረ? ለእነሱ ፊልሙ አልቋል። አላለቀም ብል ማን ሊሰማኝ! ልጁ የተገደለው ባዶ አግዳሚ ፊት ነው።

አጎቴ ደስ አላቸው። "እንዲህ ተመራርቆ የወጣ ተመልካች አይቼ አላውቅም" አሉኝ። "ለሚቀጥለው ገበያ እራቱ ላይ ስትደርሺ አጥፊው።"

"አላጠፋም።"

ለምን እንደማላጠፋ ገብቷቸዋል። "የኔ ልጅ፣ የደረቀ ደም አይቆፈርም። እኔ ምያለሁ።"

"አንቱ ምለዋል። እኔን ያስማለኝ የለም። ያን ቀን እኛ ሴቶቹ ጓሮ ወጥ ስናማስል ነበርን። መጥቶ 'ተስማማችሁ ወይ?' ያለን አንድ ሰው አለ?"

አጎቴ ተቆጡ። "ካላጠፋሽ ማይኩን አስቀምጪና ወደ ቤትሽ ሂጂ" አሉኝ። ሌላ ሥራ እንደሌለኝ ያውቃሉ። እኔም እሺ አላልኩም።

በሚቀጥለው ገበያ ሰው በር ላይ ተጋፋ፤ "የእርቅ ፊልም" ተብሎ ተወርቷል። ሽማግሌው ዘመዶቻቸውን አስከትለው ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አጎቴ ራሳቸው ሊያጠፉት ሪሞቱን ይዘው ከኋላ ቆሙ። እራቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ "አሚን" ተባለ። ሰው መነሳት ሲጀምር ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

"ተቀመጡ! አላለቀም!"

አጎቴ ሪሞቱን ቀሰሩ። እኔ ደግሞ ሪሞቱን የሚቀበለውን የስክሪን ጥግ በመዳፌ ሸፈንኩት። ደጋግመው ተጫኑ፤ እኔም አልለቀቅኩም። ሰዉ ግማሹ ተነስቶ ግማሹ ተቀምጦ ቀረ። ገዳዩ በማግስቱ ጠዋት ልጁን ወደ ጀልባው ሸኘው። አልቸኮለም። ገመዱን ሊፈታ ሲያጎነብስ ጠብቆ ገደለው።

"ውሸት ነው" አሉ ሽማግሌው። "አንቺ አጣመሽ ተርጉመሽው ነው። ከሰው ቤት በልቶ፣ ያበላውን የሚገድል ሰው የለም፣ ወላሂ የለም!"

"አለ" አልኩ።

"አንቺ ልጅ!" አሉ አጎቴ።

"አለ! አባቴን የገደለው ሰው ስለ ወሰኑ እንነጋገር ብሎ መጥቶ፣ ቤታችን እራቱን በልቶ፣ መርቆን ወጥቶ፣ አባቴ ሊሸኘው ሲወጣ ነው የገደለው።" ማይኩ በእጄ ነበር፤ ያልኩትን ገበያው ሁሉ ሰማ። "ታርቀናል። እርቁን አላፈርስም፣ የማንንም ደም አልፈልግም። አባቴ ግን ታሞ አልሞተም። ተገደለ።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው ፊልም ነው። አልፈራሁም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሽማግሌው እስኪበቃቸው አዩኝ። ከዚያ ማንም፣ እናቴ እንኳ፣ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቁኝ።

"ሲበላ አንቺ የት ነበርሽ?"

"እዚያው ነበርኩ። እጁን ያስታጠብኩት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ዱላቸውን መልሰው አስቀመጡ፤ ቀስ ብለውም ተቀመጡ። ቆመው የነበሩትም ተቀመጡ።

"በይ ንገሪን" አሉ።

ማይኩን ሳላጠፋ ነገርኳቸው።