ጭቃው ላይ የቀረው የጎማ ዱካ

ዛሬ ከጎሬ ወደ መቱ ስንወርድ፣ ሾፌሩ ጭቃው ላይ ፍሬን ሲይዝ ሚኒባሱ ተንቀጠቀጠ። «ፍሬኑ ተበጠሰ!» ብዬ ጮኽኩ።

«እትዬ፣ አይፍሩ» አለ እየሳቀ። «ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑ ራሱ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ነው። ከተቆለፈ ይንሸራተታል፤ መሪም አይታዘዝም።»

ሾፌር ሲስቅ እጠራጠራለሁ። አስቁሜ ወርጄ ዱካውን አየሁ፤ ጎማው ሳይቆለፍ እየተሽከረከረ ስላለፈ ጥርሱ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። (በዚህ ዕድሜዬ ጭቃ መርማሪ ሆንኩ!)

በደርግ ጊዜ ልጄ የመንግሥት መኪና ሲነዳ እዚሁ ቁልቁለት ላይ ገደል ገብቶ ሞተ። «እንቅልፍ ወስዶት ፍሬን አልያዘም» ብሎ የአደጋው መርማሪ ጻፈ። ያኔ እኔ ያየሁት ግን ጥርስ የሌለው፣ የተጎተተ ልሙጥ ዱካ ነበር። ለካ የተቆለፈ ጎማ ነው!

ልጄ ነቅቶ ነበር። ፍሬን ይዟል።

የጻፈው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ማየቱን እጠራጠራለሁ። እናንተስ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈውን መሬቱ ሲክድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?