የበራሪዋ አህያ ደብተር

ሱሀይር ሙህዲን ያደገችው ቆጥ ላይ ነው። አባቷ ጋሼ ሙህዲን መርካቶ ውስጥ የቴርሞስና የሰሃን ሱቅ አላቸው። ከሱቁ በላይ በእንጨት መሰላል የሚወጣበት፣ ሰው ቀና ብሎ የማይቆምበት ቆጥ አለ። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ላይ በደረቷ ተኝታ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ ከታች ገዢዎች የአባቷን ዕቃ ሲያዋርዱ ትሰማ ነበር። አንዱ የቴርሞሱን ክዳን ከፍቶ ያሸትና «ይሄ እኮ ሁለት ቀን አይቆይም» ይላል። ሌላዋ በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ «ቆርቆሮ ነው ጋሼ፣ አያታሉኝ» ትላለች። ጋሼ ሙህዲን አይቆጡም። «ልክ ነሽ፣ ተዪው» ይሉና ትንሽ ቆይተው ያንኑ ቴርሞስ በላስቲክ ጠቅልለው ይሰጧታል። ሱሀይር ይህን ሁሉ ከመልመዷ የተነሳ ሰምታው አታውቅም ማለት ይቻላል።

አድጋ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማረች፣ ተመረቀች፣ ፎቶዋ በትልቅ ፍሬም ሱቁ ውስጥ ተሰቀለ። ሥራው ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ከርማ፣ አንድ ቀን አሮጌ ኮምፒውተር አሸክማ መሰላሉን ወጣች። ስምንት ወር ከቆጡ አልወረደችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መብራት ሲጠፋ በወረቀት ላይ ትሥላለች፣ ሲመጣ ደግሞ ወደ ኮምፒውተሩ ትገለብጠዋለች። በመጨረሻ በስልክ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ይዛ ወረደች። ስሙ «በራሪዋ አህያ» ነው።

ጨዋታው የጤነኛ ሰው ሥራ አይመስልም። ክንፍ ያላት አህያ ጀርባዋ ላይ ጆንያ እንደተጫነች በመርካቶ ጣራዎች ላይ ትበራለች። መሣሪያዋ ከአፏ የምትተፋው ባቄላ ነው። በርበሬ በረንዳ ስትደርስ ሰማዩ በሙሉ የበርበሬ ፍሬ ይሆንና እየተሽከረከረ፣ እየተጠላለፈ ይወርድባታል። አትክልት ተራ ላይ ደግሞ የቤት ያህል ጎመን ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል፤ እያንዳንዱ ቅጠሉ ሲገለጥ መቶ ቲማቲም ይረጫል። ማምለጫው ከጣት የማይሰፋ ክፍተት ነው። የእያንዳንዷን ፍሬ መንገድ ሱሀይር በእጇ አንድ በአንድ ሠርታዋለች። አህያዋ ተመትታ ስትወድቅ ጆሮዋን ዘርግታ «እህህ» ትላለች፤ ሰዉም የሚስቀው እዚያ ላይ ነው።

አባቷ ስልኩን ገልብጠው አዩት እንጂ ጨዋታው አልገባቸውም። የንግድ ሰው ናቸውና የሚገባቸውን ጠየቁ።

«ፈላጊ አለው?»

«ይኖረዋል፣ አባዬ።»

«እንግዲህ እስከ አረፋ ነው። ፈላጊ ካገኘ ቆጡ ያንቺ። ካላገኘ አረፋን አገር ቤት አብረን ውለን፣ አንቺ በዚያው ሻሸመኔ ትሄጃለሽ። ወንድምሽ ኢርፋን ሰው ቸግሮታል፣ የብርድ ልብስ ሱቁን ትይዢለታለሽ። ቆጡ ላይም ከመርካቶ የሚገዛው የሱ ዕቃ ይገባል።»

ሱቅ መያዝ የሚያሳፍር ሥራ ሆኖ አይደለም። ግን ሱሀይር ራሷን ታውቃለች፤ አንዴ ከዚያ መሰላል ከወረደች ተመልሳ የምትወጣበት ቀን እንደማይኖር ገብቷታል። ብርድ ልብስ እየዘረጋች፣ እያጠፈች ታረጃለች። 

ጨዋታውን ጎረቤታቸው ኑሪ ዘንድ አስቀመጠችው። ኑሪ ዘፈን፣ መንዙማና ፊልም በሰው ስልክ ላይ እየጫነ የሚኖር ሰው ነው። ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ደብተር በሲባጎ አሠረች። በዚያ ዘመን ከክፍለ ከተማ እስከ ጤና ጣቢያ የአስተያየት መስጫ ደብተር ያልተንጠለጠለበት በር ስላልነበረ፣ እሷም የተጫዋቾችን አስተያየት የምትሰበስበው በዚሁ መንገድ መሰላት። ይህ በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ነው።

ደብተሩ በሳምንቱ ተሞላ፤ በስድብ። «የበርበሬውና የቲማቲሙ ቀለም አንድ ነው። ሠሪው ዓይን የለውም?» «አህያዋ ታስቃለች፣ ሰው ግን እየሳቀ ይሞታል እንዴ?» «ባቄላ ነው የምትተፋው ወይስ ምራቅ? ጎመኑን አያሳክከውም።» ከበርበሬ በረንዳ አንዲት ለተብርሃን የምትባል ነጋዴ «ሥራ አስፈታችሁን፣ ይህ ነገር ይታገድልን» ብላ ፈርማለች። ከሁሉ የከፋው በትልልቅ ፊደል፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭኖ የተጻፈው ነበር። «ጎመኑ ዛሬም ገደለኝ። አርባኛዬ ነው። ይህን የሠራ እጅ ይሰበር። ቀልዴን አይደለም። ጥጋቡ፣ ባለጋሪ፣ ጎጃም በረንዳ።»

ሱሀይር ይህን አንብባ እጇን አየችው። ስምንት ወር የለፋ እጅ ነው። ደብተሩን ይዛ ቆጡ ላይ ወጣችና አለቀሰች፤ ለቅሶዋ የተማሪ ለቅሶ ነበር፣ ፈተና የወደቀ ተማሪ። ወይ የተማረ ሰው! በቀይ እስክሪብቶ እንደተሰረዘ ሁሉ እያንዳንዱን ስድብ ልታርም ተቀመጠች። የበርበሬውን ፍሬ ሰማያዊ ቀባችው። ቲማቲሙን ከመቶ ወደ ስምንት አወረደችው። ጎመኑ ከመርጨቱ በፊት እጁን አውጥቶ እንዲያስጠነቅቅ አደረገችው። የመጀመሪያውን ጨዋታ ደግሞ አላስቀረችውም። ሰው የረገመውን ነገር ዓይኗ ሊያየው ስላልፈለገ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ ከነርዝራዡ ጠርጋ አጠፋችው። ኑሪም በሐምሌ አዲሱን እየጫነ አሮጌውን ከራሱ ዘንድም ከየስልኩም ላይ አነሳ።

ደብተሩ ወዲያው ጨዋ ሆነ። «ጥሩ ነው፣ በርቱ።» «ቆንጆ ሥራ ነው፣ በዚሁ ቀጥሉ።» «ማሻአላህ፣ ይበል።» «በርቱ።» «በርቱ።» ሱሀይር ክረምቱን በደስታ አሳለፈች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጽሑፉ እየሳሳ መጥቶ በጳጉሜን ቢቆምም፣ ሰው የሚያርመው ቢያጣ ነው ብላ ተጽናናች።

በ2008 አረፋ የዋለው በመስከረም አጋማሽ ነው። ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መርካቶ ግማሹ ሰው ለጉዞ ዕቃውን ሲያስር፣ ሱሀይር ደብተሩን ከሲባጎው ፈትታ በኩራት አባቷ ፊት አኖረችው። ፈላጊዎቿን የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጣ አሳየቻቸው።

ጋሼ ሙህዲን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

«እነዚህ ሰዎች ሄደዋል፣ ልጄ።»

«የት ሄደዋል?»

«ወደየቤታቸው ነዋ! እኔ ሱቅ ገብቶ ‹ቆንጆ ዕቃ ነው ጋሼ፣ ይጨምርልዎ› ብሎኝ የገዛ ሰው በሠላሳ ዓመት አላየሁም። ይሄ እኮ በሩን አልፎ የሚሄድ ሰው ሰላምታ ነው።» ገጹን ወደ ኋላ እያገላበጡ የሚያዝያው ላይ ደረሱ፤ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡ፤ በመሀል ሳቅ አመለጣቸው። «እነዚህስ? እነዚህ የት አሉ? ይሄ ባለጋሪ አርባ ጊዜ ተመላልሷል! ይቺ ሴትዮ ሥራ ፈትታለች! ምን አደረግሻቸው?»

 ዕድሜዋን ሙሉ ከጭንቅላቷ በታች ሲጮህ የኖረው የገዢ ስድብ ሱሀይርን ያኔ ነው የተሰማት።

«ዕቃውን አጠፋሁት» አለች።

አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ሰው አምጪልኝ» አሏት። «አንድ ፈላጊ፣ የፊተኛውን ስልኩ ላይ የያዘ። ያኔ ለኢርፋን የምለው አገኛለሁ።»

ያን ቀንና ማግስቱን ያልረገጠችው በረንዳ የለም። በርበሬ በረንዳ ለተብርሃንን አገኘቻት፤ ሴትዮዋ እያስነጠሰች «ውይ እሱ ነገር! አዲሱ መጣ ሲሉኝ ለወጥኩት፤ ከዚያ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ተውኩት» አለቻት። ስልካቸው የጠፋባቸው፣ የሸጡ፣ ልጅ የሰበረባቸው፣ ሁሉም ነበረን እያሉ ይምላሉ፤ ጨዋታው ግን የማንም ስልክ ላይ የለም። ሱሀይር በየሰዉ ፊት ቆማ «እስቲ ደግመው ይዩልኝ» እያለች ለመነች።

የመጨረሻው ጥጋቡ ነው። ጎጃም በረንዳ ጋሪውን አቁሞ ጆንያ እስኪጫንለት ሲጠብቅ አገኘችው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ አንገቱ የወፈረ ሰው ነው።

«ደብተሩ ላይ ስለ ጎመኑ የጻፍከው አንተ ነህ?»

ሰውየው ዓይኑ በራ። «ገደልኩት እኮ! አልሰማሽም? ሰኔ ላይ ነው፣ ዝናብ ይዞን በረንዳ ሥር ቆመን። ስልሳ ስድስት ጊዜ ገድሎኝ፣ በስልሳ ሰባተኛው ጣልኩት። ጓደኞቼ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አንስተው ተሸከሙኝ። እኔን! ስሸከም የኖርኩትን ሰውዬ ተሸክመው ግቢውን አዞሩኝ።»

ሱሀይር የጋሪውን እንጨት ያዘች። «ጨዋታው አለህ? አሁን ስልክህ ላይ?»

«የለም፣ እህቴ። ኑሪ አዲስ ወጥቷል ሲለኝ የባሰ ጎመን መጣ ብዬ በደስታ አስለወጥኩት። ኧረ ምኑ! ጎመኑ እኮ ሊወረውር ሲል እጁን ያወጣል፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ጨረስኩትና አጠፋሁት።»

«ታዲያ ደብተሩ ላይ ለምን አልጻፍክም?»

«ጽፌአለሁ። ‹ጥሩ ነው፣ በርቱ› ብዬ።»

ጭነቱ ደረሰ። ጥጋቡ ጋሪውን ለማንሳት ጎንበስ እያለ ቀና ብሎ አያት። «ሠሪውን ታውቂዋለሽ እንዴ? የበፊቱን ማለቴ ነው፤ ይሄ አዲሱ ሌላ ሰው ነው፣ ሰው የሚፈራ። ያኛው ግን እልኸኛ ነበር። ብታገኚው፣ ጥጋቡ ተመለስ ብሎሃል በይልኝ።»

«እነግረዋለሁ» አለች። እኔ ነኝ አላለችም።

ወደ ሱቁ ስትመለስ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። የኢርፋን ብርድ ልብሶች በእስር በእስር ደጃፉ ላይ ተከምረዋል፤ ማለዳ ወደ ቆጡ ሊወጡ ነው። አባቷ ከገዢ ጋር ናቸው። ደብተሩ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። ሱሀይር ቆማ አየችው። ባዶ ገጽ ገለጠችና እስክሪብቶ አነሳች፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭና ጻፈች።

«ይህ ጨዋታ አይረባም። አህያዋ ሰነፍ ናት። ጎመኑ ለሕፃን የተቀቀለ ነው። የሠራችው ሴት ሰው ሲቆጣት ፈርታ የገዛ ሥራዋን በእጇ ያጠፋች ናት። እንዲህ ያለውን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። ሱሀይር፣ ከቆጡ።»

ከዚያ መሰላሉን ወጥታ የኮምፒውተሩን ገመድ እየነቀለች ትጠቀልል ጀመር። አንዱን ጠቀለለች፣ ሁለተኛውን ጠቀለለች። እንባዋ ገመዱ ላይ ሲንጠባጠብ በቀሚሷ ትጠርገዋለች። ከታች ገዢው ወጥቶ ሲሄድ ሰማች፤ ቀጥሎ የመነጽር ማኅደር ሲከፈት፣ ወረቀት ሲገለጥ። 

«ሱሀይር!»

«አቤት፣ አባዬ።»

«ይቺ የመጨረሻዋ ሴትዮ…» አሉ ጋሼ ሙህዲን፣ ደብተሩን እንደያዙ መሰላሉ ሥር ቆመው። «ይቺ የመጨረሻዋ ሴትዮ ክፉኛ ትፈልገዋለች።»

ሱሀይር የጠቀለለችውን ገመድ ደረቷ ላይ ይዛ ቁጭ አለች።

«ሰማሽኝ? ብርድ ልብሱን እታች እናሳድረዋለን። ገመዱን መልሰሽ ሰኪው።»