ዳቡስ የቀረው ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት አሶሳ ገበያ አጠገብ ካለ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ገብቼ በባትሪ የሚሠራ ድሪል አሳየኝ ስለው፣ ወጣቱ ባለሱቅ አራት ዓይነት ደረደረልኝ። እኔም ከፌስታሌ ጡጫ የሚያክል የአርማታ ስባሪ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ምንድነው አባባ ቢለኝ መሞከሪያ ነው አልኩት። ሳቀ። አይፈረድበትም። እኔ በሱ ዕድሜ ከመሳቅ የባሰ ነገር ነው ያደረግኩት።

ያን ጊዜ ክልሉ ገና አዲስ ነው። በአንድ ክፍል ሦስት መሥሪያ ቤት ወንበር እየተሻማ ይቀመጥ ነበር፤ የሚሠራው ቤት ብዙ፣ የሚሠራው እጅ ጥቂት። እኔ ከባምባሲ የመጣሁ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ወረቀቴን በላስቲክ አስለብጬ የምዞር ጉረኛ። ሥራ ያስገቡኝ ጋሽ ይመር ነበሩ። በሰፈራ ከወሎ መጥተው ከከተማው ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ የሚኖሩ ግንበኛ ናቸው፤ ያቆሙት ግድግዳ እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም።

የያዝነው የጤና ጣቢያ አዲስ ክፍል ነበር። ከኛ በፊት የነበረው ሥራ ተቋራጭ አርማታውን ሲያፈስ ጣሪያውን የሚይዙትን ብሎኖች ሳይቀብር ትቶት ሄዷል። ስለዚህ የደረቀውን አርማታ እየበሱ ብሎን ማስገባት ግድ ሆነ። የአሶሳ መብራት ደግሞ በናፍጣ ሞተር ምሽት ላይ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚመጣ ነው። ማታ ባትሪውን ሞልተው ቀን የሚሠሩበት ድሪል አዲስ አበባ ገብቷል ሲባል ሰማን። ማንጎው መብሰል ጀምሯል፤ ዝናቡ ሳይገባ ጣሪያው መውጣት አለበት። ማን ይሂድ ሲባል፣ የተማረው እኔ ነኛ!

በምሄድበት ጠዋት ጋሽ ይመር ከአርማታው ጫፍ በመሮ ስባሪ ቆርሰው፣ በአሮጌ ሽርጥ ቅዳጅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ባለሱቁ በራሱ ብሎኬት ላይ ቢያሳይህ እንዳታምነው» አሉኝ። «የኛ ጠጠር ክፉ ነው። በኛው ድንጋይ ላይ አስበሳውና ቀዳዳውን ይዘህልኝ ና።»

ሁሉንም ዕቃ የሚገዙት እንዲህ ነበር። መጋዝ ሊገዙ ሲሄዱ የራሳቸውን ቀርከሃ፣ ምስማር ሲገዙ የራሳቸውን ጣውላ ይዘው ነው። ገበያተኛው ይስቅባቸዋል፤ እሳቸው ጉዳያቸውም አይደለም። እኔ ግን አፍር ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ጥቅሉን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ፣ ቆንጆ ነበረች ምን ልደብቅ፣ የያዝኩት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ድንጋይ ነው ልበላት? ዳቦ ነው አልኳት። ትንሽ ቆየችና ታዲያ አትቆርስልንም እንዴ አለችኝ። ዳቡስ ድልድይ ጋ አውቶቡሱ ሲቆም ከሁሉ ቀድሜ ወርጄ ድንጋዩን ወንዙ ውስጥ ወረወርኩት። ጨርቁን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ስመለስ ዳቦው ሻግቶ ጣልኩት ብላት ከንፈሯን መጠጠች። መንዲ ላይ ወረደች፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

መርካቶ ያገኘሁት ነጋዴ ሁለት ድሪል አሳየኝ። አንዱ ከባድ፣ ሆዱ የተነፋ፣ መልከ ጥፉ፤ መብሻ ፑንታው ሲገፉት ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ። ሌላው ቀላል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀለበቱ ላይ የመዶሻ ምልክት ያለበት። ዛሬ ልዩነታቸውን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ከባዱ ሆዱ ውስጥ እውነተኛ መዶሻ አለው፤ አርማታን ራሱ እየመታ ይገባል። ቀላሉ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይመታም፤ ለጡብና ለብሎኬት ነው። ያኔ ግን ነጋዴው ብሎኬት አቀረበልኝ፣ ቀላሉን ይዤ ብጫነው ቂጣ እንደሚበሳ ሰተት ብሎ ገባ። ጋሽ ይመር መወጣጫ ላይ ቆመው ስለሚይዙት ቀላሉ ይሻላቸዋል ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። ድንጋዩ ቢኖር ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይለይልኝ ነበር።

ስመለስ ጋሽ ይመር የቀርከሃ መወጣጫውን አቁመው ጠበቁኝ። ድሪሉን አገላብጠው አዩና በድንጋዩ ሞከርከው ወይ አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ሞክሬዋለሁ።»

ድንጋዩስ ቢሉኝ ከበደኝና እዚያው ተውኩት አልኩ። ጨርቁን ከኪሴ አውጥቼ መለስኩላቸው። ተቀብለው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ግማሽ ጣት ሳይጠልቅ ፑንታው ቀላ፣ ባትሪው ደከመ። በማግስቱም ያው። ሥራውን የሚቆጣጠረው የጤና ቢሮ መሐንዲስ መጥቶ አየና፣ ባምባሲ ሌላ ሥራ ላይ ያለ ትልቅ ድሪል ከነመብራት ሞተሩ ለሁለት ቀን ላስመጣላችሁ አለ። ጋሽ ይመር እምቢ አሉ። መሣሪያው በኛው ድንጋይ ላይ ተፈትኖ ነው የመጣው፣ የደከመው የኔ ክንድ ነው አሉ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም።

ደመናው ሲጠቁር መሮና መዶሻቸውን አነሱ። አሥራ አንደኛው ቀዳዳ ላይ ነበሩ፤ እኔ ከታች መወጣጫውን ይዣለሁ። ስባሪው ሲፈናጠር እንኳ አላየሁም። መዶሻው እግሬ ሥር ወደቀ፣ ቀና ስል ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። «ያ አላህ» አሉ ቀስ ብለው፣ ሌላ አልጮኹም። በዚያ ዓይን ዳግመኛ አላዩበትም።

ትልቁ ድሪል ከባምባሲ መጣ፤ የቀረው ሁሉ በአንድ ቀን ተኩል አለቀ። አንድ ቀን ተኩል!

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሠራተኛ ቀጠርኩ፣ ቤት ሠራሁ፣ ልጆች አሳደግኩ። በየዒዱ እሄዳለሁ፣ ለገና እሳቸው ይመጣሉ። በሄድኩ ቁጥር ልናገር እልና ስለ ማሽላው ዋጋ አውርተን እንለያያለን። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሱቁ ውስጥ ከባዱን መርጬ ድንጋዩን አስበሳሁት። ጥርት ያለ ቀዳዳ ወጣለት። ልጁ ዕቃውን ሲጠቀልል ድንጋዩን ልጣልልዎት ቢለኝ አይሆንም አልኩና በቀጥታ ወደ ጋሽ ይመር መንደር ሄድኩ። አሁን ደህናው ዓይናቸውም ደክሟል። ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ድንጋዩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩና ዳቡስን፣ ዳቦውን፣ ልጅቷን፣ ውሸቴን፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

ትንሿን ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከትተው ዙሪያውን ዳሰሱት።

«ጨርቁ ላይ ዱቄት አልነበረም» አሉ በመጨረሻ። «ድንጋይ ሲበሳ ዱቄት ይወጣዋል፤ የጠቀለለውን ጨርቅ ሳይነካ አይቀርም። ይኼ የገባኝ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነው። ሊጠይቀኝ ሲመጣ ይነግረኛል አልኩ። ከዚያ ለዒድ ሲመጣ አልኩ። ከዚያ ሲያገባ፣ ልጅ ሲወልድ አልኩ። ከዚያ ወላሂ፣ መጠበቁን ተውኩት።»

ይቅር በሉኝ አልኩ። ይቅር ካልኩህ ቆየሁ አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ያን ሁሉ ዒድ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ስለ ማሽላ ዋጋ ሳወራ፣ እሳቸው ሌላ ነገር ሲጠብቁ እንደነበር አሁን አወቅኩ። ዓይናቸውን ያጠፋሁት በአንድ ቀን ነው፤ ይኼን ግን በየዓመቱ አደረግኩት።

ልሄድ ስነሳ ድንጋዩን እንዲመልሱልኝ እጄን ዘረጋሁ። አልመለሱልኝም። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጣታቸውን ከቀዳዳው ሳያወጡ፣ በደህና ግባ አሉኝ።